በነጠላ የተሸፈነው አጥንት

ሰኞ፣ የካቲት አሥራ አንድ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ስንሳፈር የነገሩ ሁኔታ እንዲህ ነበር። ሮቤ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከምሥራቁ በር በስተግራ፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ አዲስ የሲሚንቶ መቃብር አለ። በራስጌው በቆመው እብነ በረድ ላይ «ባላምባራስ ሀብተሚካኤል፣ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ለወገናቸው ተመለሱ» ተብሎ ተቀርጿል። ከሥሩ መቶ ሰባ አንድ አጥንት የያዘ የጽድ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ከተቀበረ ሃምሳ ሰባት ቀኑ ነው፤ አርባው ወጥቷል። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደግሞ እኔ የፈረምኩበት አንድ ገጽ ወረቀት በፋይል ተቀምጧል። ከላይ ሲቆጠር አራተኛው መስመር «ፆታ፦ ወንድ» ይላል።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ወንድ አይደለም። ይህን የምናውቀው በዚያ ሚኒባስ ጎን ለጎን የተቀመጥነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

አጠገቤ የነበረችው ሀዋኒ ናት። እኔ ጎባ ባለ አንድ የጤና ትምህርት ቤት የሰውነት ክፍሎችን አሠራር አስተምራለሁ፤ እሷ የቤተ ሙከራው ባለሙያ ናት። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። አጥንት ታጥባለች፣ ትቆጥራለች፣ ቁጥር ትጽፍበታለች። ያን ጧት ለትምህርት የምንጠቀምበትን የፕላስቲክ ዳሌ በፌስታል ይዛ ጭኗ ላይ አቅፋዋለች። ፌስታሉ ተቀዶ አንዱ ክንፍ ወደ ውጭ ወጥቷል።

«እናቴ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለ ረዳቱ።

«ዳሌ ነው።»

«የምን?»

«የሰው ነዋ። የበግ መሰለህ?»

ረዳቱ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ከኋላ አራት ናቸው ያልኩህ፣ አራት ተኩል ናቸው።»

ሰው ሳቀ። መስኮቱ ጋ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ።

«ፕላስቲክ ነው እማማ፣ አይሽሹ» አለቻቸው ሀዋኒ።

«ፕላስቲክም ቢሆን ሸፈን አድርጊው ልጄ። ነውር ነው።»

ሀዋኒ ሻርፗን አውልቃ ሸፈነችው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እኔም ያደረግኩት ልክ ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ሃያ ቀን ነው። ሲናና ውስጥ አንድ ገበሬ ከስንዴ ማሳው ጫፍ የውሃ መውረጃ ቦይ ሲቆፍር ዶማው አጥንት መታ። ከአጥንቱ ጋር፣ አንገቱ አካባቢ፣ የአንበሳ ራስ የተቀረጸበት የብር ዘለበት ተገኘ። ዘለበቱን ያየ ሽማግሌ ሁሉ ወዲያው አወቀው። የባላምባራስ ሀብተሚካኤል የበርኖስ ማያያዣ ነበር።

ባላምባራስ ማዕረጉን ከጃንሆይ ነው ያገኙት፤ ደርግ ሻረው፤ የሲናና ሰው ግን ባላምባራስ ማለቱን አልተወም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ክረምት ጦርነቱ ወደ ደጋው ሲቃረብ በበቅሎ ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ጎባ አቀኑ። ጎባ አልደረሱም። በቅሎዋም አልተገኘችም። በዚያው ቀን ከቤታቸው አንዲት ሠራተኛ ጠፋች፤ ጋዲሴ ትባላለች፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። የአምስት ዓመት ልጇን ጥላ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ወደ ጊኒር ኮበለለች ይባላል። ይህን አጥንቱ በተገኘ ጊዜ ጉድጓዱ ዙሪያ ከቆሙት ገበሬዎች አንዱ እየሳቀ ነገረኝ። ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰለኝ በማስታወሻዬ አልመዘገብኩትም።

ቀበሌው የባለሙያ ቃል ስለፈለገ ነበር የተጠራነው። ሀዋኒና እኔ ተንበርክከን አፈሩን በብሩሽ ጠረግን። በጉድጓዱ ዙሪያ ስልሳ ያህል ሰው ቆሟል። ከፊት ካህኑ አባ ገብረ ሥላሴ አሉ፤ ከጎናቸው የባላምባራስ ልጅ ወይዘሮ እታፈራሁ ዱላቸውን ተደግፈዋል። ወይዘሮ እታፈራሁ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው በጡረታ የወጡ፣ አንድ ሰነድ ቦታውን ሲለቅ የማይወዱ ሴት ናቸው።

አጥንት የወንድ ይሁን የሴት ለማወቅ መጀመሪያ የሚታየው ዳሌ ነው፤ የዕድሜም ምልክት በዋናነት ከዚያው ይነበባል። በየዓመቱ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አስተምራለሁ። ዳሌ ሁለት ሥራ አለው፤ የላይኛውን አካል ተሸክሞ ይሄዳል፤ በሴት ደግሞ ልጅ ያሳልፋል። ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ ሲባል የሴት ዳሌ ሰፋና ገለጥ ያለ ነው። ሁለቱ የፊት አጥንቶች ተገናኝተው ከሥራቸው የሚሠሩት ማዕዘን በወንድ ጠባብ ነው፤ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሲከፈቱ እንደሚሆነው። በሴት ግን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘረጉ የሚሆነውን ያህል ነው። ከኋላ፣ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ የሚያልፍበት ስርጉድ አለ። አውራ ጣት ሲገባበት በወንድ ይጠብቃል፣ በሴት ወዲያና ወዲህ ይላወሳል። የራስ ቅልና የጭን አጥንት ከዚህ በኋላ ነው የሚመጡት፤ ረጅም ሴትና አጭር ወንድ ብዙ ነውና።

ብሩሼ ዳሌው ላይ ሲደርስ ወይዘሮ እታፈራሁ «ተው እንጂ መምህር» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። «አባቴ ናቸው። በልጃቸውና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እዚያ ላይ አትመራመርባቸው።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዘረጉልኝ። አባ ገብረ ሥላሴ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እኔ ጎንደር በድቁና ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የተባለው ትክክል መሰለኝ። ነጠላውን ተቀብዬ ከወገቡ እስከ ጭኑ አለበስኩት።

የቀረውን ለካሁ። የጭን አጥንቱ ርዝመት አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። የአናቱ ስፋት አርባ አምስት ሚሊ ሜትር ነው። ከአርባ ሦስት በታች የሴት፣ ከአርባ ሰባት በላይ የወንድ እንላለን፤ አርባ አምስት ከሁለቱም አይደለም። በደብተሬ «አጠራጣሪ» ብዬ ጻፍኩ። የግንባሩን አጥንት ዶማው ሰብሮታል። ዘለበቱ ግን ሙሉ ነበር፤ ሰውም እየጠበቀኝ ነበር። ቀና ብዬ «ወንድ ናቸው» አልኩ። እልልታና ለቅሶ በአንድ ላይ ተነሣ። «አጠራጣሪ» የሚለውን ቃል ወደ ጎባ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሰረዝኩት።

ስህተቱን ያገኘሁት የካቲት ስምንት፣ ዓርብ፣ ስለ ዳሌ ላስተምር ስዘጋጅ ነው። ሀዋኒ አጥንቶቹን ወደ ሣጥን ስታስገባ እንደ ልማዳችን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥታቸው ነበር። ለተማሪዎቹ የሚሆን እፈልጋለሁ ብዬ ፎቶዎቹን ስከፍት ሠላሳ አራተኛው ላይ ቆምኩ። የቀኝ ዳሌ ነው። በጠርዙ የሀዋኒ ግራ እጅ ይታያል። አውራ ጣቷን ስርጉዱ ውስጥ አስገብታዋለች። ከጣቷ ጎን ሌላ አውራ ጣት የሚያስገባ ቦታ ተርፏል።

ለታላቅ ሴት በሚባለው «አዴ» ጠራኋት።

«አዴ ሀዋኒ፣ ይህ ጣት የማን ነው?»

ተጠግታ አየች። «የኔ ነዋ።»

«ለምን አስገባሽው?»

«ለምን እንደሚገባ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

«ታዲያ ዐውቀሽ ዝም አልሽ?»

«ቃልህን ሰጥተህ ነበር። ካህን ቆሞ፣ ሽማግሌ ቆሞ። ተነሥቼ መምህሩ ተሳስቷል ልበል? ደግሞ…» የጋዎኗን ኪስ ማስተካከል ጀመረች። «ደግሞ የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ለእትዬ እታፈራሁ አዝነህ ዝም ያልክ መስሎኝ ነበር።»

ከሁሉም ይህ ነው ያዋረደኝ። ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የሠራች ሴት ዐውቄ የዋሸሁ አድርጋኝ ሰባ ስምንት ቀን ከእኔ ጋር ሻይ ጠጥታለች። አላወቅሁም ነበር ማለቴ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳፍር ሆኖ አገኘሁት፤ አለማወቄ ከነጠላው ሥር እጄን ካለማስገባቴ የመጣ ነውና። በመጨረሻ አልኩት። «አላወቅሁም።»

«አሁን ዐወቅህ» አለች።

«ማን ልትሆን ትችላለች?»

«በዚያ ክረምት ስንት ሴት ጠፋች። በዚያ ቀን ከዚያ ቤት የጠፋችው ግን አንዲት ናት። ልጇን ታውቃታለህ። የቀብሩ ዕለት እጅህን ያስታጠበችህ ናት።»

አስታወስኳት። ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ድንኳኑ ውስጥ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ ከሰው ሰው ትዞር ነበር። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ፎጣውን ስትሰጠኝ አመስግኛታለሁ። እሷ የምታስተናግደው የገዛ እናቷ ቀብር ላይ ነበር፤ ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሮቤ ወርደን በባጃጅ የወይዘሮ እታፈራሁ ግቢ ደረስን። የቆርቆሮውን በር የከፈተችልን ራሷ ደራራ ናት። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ከጠፋች ጀምሮ በእነ እትዬ እታፈራሁ ቤት ነው ያደገችው፤ አሁን ከጓሮ ባለው ክፍል ትኖራለች፣ ገበያ የገብስ ቆሎ ትሸጣለች፣ እትዬንም ትጦራለች። በሩ ላይ ቆማ ሳለ የጭኗን ርዝመት በዐይኔ እየለካሁ መሆኔ ታወቀኝ። ዐይኔን ወደ መሬት መለስኩ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ሀዋኒ» ብላ በአፋን ኦሮሞ ሰላም አለቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ አርባው ላይ ቀሩብን። ድርሻዎን አስቀምጬ ስጠብቅዎ ነበር።»



ሳሎኑ ውስጥ የባላምባራስ ፎቶግራፍ በሰፊ ክፈፍ ተሰቅሏል። ጥቁር በርኖስ ደርበዋል፤ ዘለበቱ አንገታቸው ላይ ይታያል። ያው ዘለበት ከፎቶው ሥር ቡፌው ውስጥ፣ በቀይ ከፋይ ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ እታፈራሁ ከሶፋቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘረጉልን።

የተዘጋጀሁበት አጭር ንግግር ነበረኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ኅዳር ላይ የሰጠሁት ቃል ስህተት ነው» አልኩና የፕላስቲኩን ዳሌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማዕዘኑን አሳየኋቸው። ስርጉዱን አሳየኋቸው። ከፎቶው ጋር አነጻጸርኩላቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «እሱን ነገር ከጠረጴዛዬ ላይ አንሣልኝ» አሉ።

አነሣሁት።

«ዘለበቱስ? እሱም የሴት ነው?»

«ዘለበቱ የእሳቸው ነው። አጥንቱ ነው የእሳቸው ያልሆነው።»

«አባቴ በርኖሳቸውን ለብሰው ነው የወጡት። አገር ያውቃል።»

«አገር ያየውን ነው የሚያውቀው እትዬ? ወይስ የተነገረውን?» አለች ሀዋኒ።

«አንቺ ደግሞ አጥንት አጣቢ ነሽ፤ አጥንትሽን እጠቢ።»

«አጠብኩ እኮ። እሱ ነው ያመጣን።»

በዚህ መካከል ደራራ ሻይና ዳቦ በትሪ ይዛ ገባች። ወይዘሮ እታፈራሁ «ደራራ፣ ኋላ ታመጪዋለሽ» አሏት። እኔ ግን ተነሣሁ። ወደዚያ ቤት የሄድኩበት ምክንያት እሷ ነበረች፤ ከእሷ ደብቄ ብመለስ ነጠላውን ለሁለተኛ ጊዜ ማልበሴ ነው።

«ደራራ፣ ይህ አንቺንም የሚመለከት ነው። እዚያ መቃብር ውስጥ ያሉት ባላምባራስ አይደሉም። ሴት ናት። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ትሪውን እንደያዘች ቆመች። «ሴት?»

«ሴት።»

«ስንት ዓመት ይሆናታል?»

«ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ አምስት።»

ትሪውን በርከክ ብላ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። አንድም ብርጭቆ አልተንኳኳም። ስትነሣ ወደ እኔ አልተመለከተችም።

«እትዬ» አለች። «ባላምባራስ ሲወጡ በርኖሱን ለብሰውት ነበር?»

ወይዘሮ እታፈራሁ ፎቶግራፉን አዩ። ከዚያ ቡፌውን አዩ።

«ረስተውት ወጡ» አሉ። «ዝናብ ነበር። ደረታቸው ብርድ አይችልም። እናትሽ ቤት ስትጠርግ አገኘኋትና ‹ሩጪ፣ ድረሺባቸው› አልኳት። እኔ ነኝ የላክኋት።»

«መንገዱ ላይ ጦር እንዳለ ይወራ ነበር?»

«ይወራ ነበር።»

«ሰምተው ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

ወይዘሮ እታፈራሁ የዱላቸውን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀጠሉ። «ሳትመለስ ስትቀር ሰው ጠየቀኝ። ልጅ ያላትን ሴት በእንዲህ ያለ ቀን ላከች እንዳይሉኝ ፈራሁ። የሹፌሩን ወሬ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ማን እንዳመጣው አላውቅም። እኔ ዝም አልኩ እንጂ። ዝም ስል እውነት ሆነ።»

«ገበያ ላይ ‹የሹፌሩ ልጅ› ሲሉኝ እያለቀስኩ እመጣ ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«‹ተዪአቸው፣ ሰው የሚለውን አያጣም› ይሉኝ ነበር።»

«እል ነበር።»

«ፀጉሬን እየሠሩኝ።»



እኔ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅሁ። «እትዬ፣ ነጠላውን ሲዘረጉልኝ ያውቁ ነበር?» ለራሴ ብዬ ነው የጠየቅሁት፤ ዐውቀው ከሆነ ጥፋቴ የሚቀል መስሎኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍርበታለሁ።

«ዘለበቱን ሳይ ልቤ ያለውን አልነግርህም» አሉኝ። «አባቴን ማግኘት ፈልጌ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት መቃብር የሌለው አባት ይዤ ነበር። ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ።» ወደ ደራራ ዞሩ። «እናትሽን ውሰጃት። ሐውልቱን ያፍርሱት።»

መቃብሩ የተከፈተው መጋቢት አምስት፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የቀበሌው ፈቃድና የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ደብዳቤ ሃያ አራት ቀን ፈጅቷል። የጋዲሴ ታናሽ ወንድም ኦቦ ኡመር ከገሰራ ከስምንት ዘመድ ጋር መጣ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እኅቱ ኮበለለች ከተባለ ወዲህ ስሟ በቤቱ እንዳይነሣ ከልክሎ ኖሯል፤ ከልጆቹ መካከል እንዲህ ያለች አክስት እንደነበረቻቸው ያን ሳምንት የሰሙ አሉ። ከቅጥሩ በር ውጭ ጫማውን አስተካክሎ ረጅም ጊዜ ቆመ። አባ ገብረ ሥላሴ ራሳቸው ወጥተው አስገቡት።

«አባ፣ እኅቴን ጠብቀውልኛል» አለ ኡመር።

«የደረሰላት ጸሎት ጸሎታችን ነው፤ ቅር አይበልህ። እንግዳ ማረፊያ ተሰጣት በል።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዳ አክብረዋል።»

ሣጥኑ ተከፈተ። ዳሌውን በሁለት እጄ አውጥቼ በተነጠፈው ሸራ ላይ አስቀመጥኩት። ከቆሙት ሴቶች አንዷ ሻርፗን ፈትታ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች፤ ክፉ አስባ አይደለም፤ እኔም እጄ ለመቀበል ሲነሣ ተሰማኝ።

«አይሸፈን» አለች ደራራ። «ሰው ይየው። የሹፌሩን ወሬ ያወሩ ሰዎች እዚህ አሉ፤ እነሱም ይዩት።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ከኋላ፣ በወንበር ተቀምጠው ነበር። ሀዋኒ ሁለቱን አጥንቶች ከፊት ገጥማ ያዘችልኝ፤ ማዕዘኑን ለካሁ። ዘጠና አራት ዲግሪ። ዳግመኛ ለካሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁ። ቁጥሩን ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ሀዋኒ በአፋን ኦሮሞ ደገመችው። ከዚያም ወደ ቆሙት ሰዎች ዞሬ ኅዳር ላይ የሰጠሁት ቃል የእኔ ስህተት እንደነበረ፣ ያልለካሁትን እንደ ለካሁ አድርጌ እንደፈረምኩ ነገርኳቸው። አንድ ሽማግሌ «ኤዬ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ይቅርታ ይሁን ወይም መስማታቸውን ብቻ መግለጻቸው ይሁን አላወቅሁም።

ደራራ ሸራው አጠገብ ተንበረከከች። ጣቷን የት እንደምታስገባ ሀዋኒ አሳየቻት። አውራ ጣቷን ስርጉዱ ውስጥ ከተተች፤ ወዲያና ወዲህ አላወሰችው። ብዙ ቆየች።

«እኔን መውለዷ እዚህ ላይ ይታያል?» አለችኝ።

ከፊተኛው አጥንት በስተውስጥ በኩል ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩ። አሮጌ መጻሕፍት የወሊድ ምልክት ናቸው ይሏቸዋል። ያልወለዱ ሴቶችም ላይ ስለሚገኙ ዛሬ እንዲህ አይባልም። አዎ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መልካም ውሸት የቀረበልኝ ጊዜ የለም።

«አጥንቱ ይህን አይነግረኝም» አልኩ።

«እሺ» አለች። ጣቷን አወጣች። «ለእሱ እኔ አለሁ።»

ስሟንም አጥንቱ አልነገረኝም። በሁለተኛው ወረቀት ላይ «ፆታ፦ ሴት» ካልኩ በኋላ፣ በስም መስመር ላይ «ጋዲሴ፣ በወይዘሮ እታፈራሁና በቤተሰብ ምስክርነት» ብዬ ጻፍኩ። በምን እንደሞተችም አላውቅም፤ የጥይትም ሆነ የስለት ምልክት አላገኘሁም። ዘለበቱ አንገቷ ላይ የተገኘው ዝናቡ ሲበረታ በርኖሱን ስለደረበችው ይሆናል። ይህንን ያሉት ወይዘሮ እታፈራሁ ናቸው። «እንኳን ለበሰችው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ በዚያው ቀን ገሰራ፣ ከአባቷ አጠገብ አረፈች። ወይዘሮ እታፈራሁና እኔ ከመቃብር ስፍራው አጥር ውጭ ቆምን፤ ማንም አላባረረንም፤ ማንምም ግቡ አላለን። ከቀብሩ በኋላ ደራራ ወደ እኛ መጣች። እጇ አፈር ነበር። እትዬን ክንዳቸውን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው። እኔን በመስኮት ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ የት ድረስ ደርሳ ነበር? እሱን መለካት ይችላሉ?»

በማግሥቱ ሲናና ሄድኩ። የባላምባራስ አሮጌ ቤት ፈርሷል፤ የግቢው በር ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች ግን አሉ። ከምሰሶዎቹ ተነሥቼ የድሮውን የበቅሎ መንገድ በእግሬ ተከተልኩ፤ ርቀቱን በስልኬ መዘገብኩ። ከበሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የመኪናው መንገድ ኮበለለች ወደተባለበት ወደ ጊኒር፣ የበቅሎው ወደ ጎባ። አጥንቱ የተገኘበት ቦይ ያለው ባላምባራስ በሄዱበት በጎባው ላይ ነው። ከበሩ እስከ ቦዩ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር ነው።